የማይጾመው በግ

እኔ አጎቴን ያወቅሁት ተኝቶ ነው። ሰው አጎቱን በድምፁ ያውቃል፣ በአረማመዱ ያውቃል፣ በኪሱ ይዞለት በሚመጣው ከረሜላ ያውቃል። እኔ ጋሼ ልዑልሰገድን እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ የማውቀው በማንኮራፋቱ ነበር። ናዝሬት ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቀው ቤታችን በረንዳ ላይ አንድ ወንበር ነበረው። ጠዋት እናቴ አውጥታ ታስቀምጠዋለች፤ ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሩን ታዞርለታለች፤ አመሻሽ ላይ ታስገባዋለች። አጎት ማለት እንደ ልብስ የሚሰጣና የሚሰበሰብ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ያኔ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነበር። ከተወለደ ጀምሮ ነገር የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ፊደል አልቆጠረም፣ ሰዓት አያነብም፣ የጫማውን ክር የምታስርለት እናቴ ናት። አንዴ የገባውን ነገር ግን ሞቶ አይለቅም። ሰፈሩ «የዋሁ» ይለዋል። አንዳንዴ የሚጥለው በሽታም ስለነበረበት ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ ነጭ እንክብል ይውጣል። ከጠዋቱ ነጭ ጋር ደግሞ አንዲት ቀይና ቢጫ ካፕሱል አለች፤ እናቴ «የመረጋጊያዋ» ትላታለች።

እናቴ በላይነሽ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበረች። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለነበር ቤቱን የምታዘው እሷ ናት፤ ስታዝም መቀሷን ይዛ ነው። መድኃኒቱን ከብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች።

«ዋጥ። ውሃ ጠጣ። አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ። ጎበዝ!»

እኔ ይሄ ጸሎት ይመስለኝ ነበር። አጠገቡ ቆሜ እኔም አፌን እከፍታለሁ፣ ምላሴን አነሳለሁ። «ጎበዝ» የተባለው ለሁለታችን ነው ብዬ ረክቼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምህረት ሁዳዴ ገባ። ጋሼ መጾም ይወዳል፤ ተኝቶም ቢሆን ይጾማል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ በአፉ አይዞርም። ለመድኃኒቱ ግን የንስሐ አባታችን ቀደም ብለው ፈርደውለት ነበር፤ «መድኃኒት ጾም አያስገድፍም፣ ልዑሌ፤ ከነውሃው ዋጠው» ብለውታል። ከቄስ አፍ የወጣ ነው ብሎ ተቀበለ። እትዬ ከሪማ ባትመጣ ኖሮ ነገሩ በዚሁ ያልቅ ነበር።

እትዬ ከሪማ ጎረቤታችን ናት፣ የወሎ ሰው፤ ከበራችን አጠገብ ሱቅ ነበራት። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት የልጇን የዳሊያን ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ በረንዳው ላይ ከእናቴ ጋር ተቀምጣለች። በመሃል ከቦርሳዋ አንድ ካፕሱል አወጣች፣ ለሁለት ከፈለችው፣ ዱቄቱን ማንኪያ ላይ አራገፈችና ሽፋኑን ወደ ደጅ ወረወረችው።

«ምነው ከሪማ? ደህናውን መድኃኒት ምን በድሎሽ ነው የምትገነጣጥይው?» አለች እናቴ።

«እረ ተይኝ! ለጨጓራዬ የሰጡኝ ነው። ይሄ ሽፋኑ ከምን እንደሚሠራ ታውቂያለሽ? ከከብት አጥንትና ቆዳ ነው አሉ! ከብቱን ደግሞ ማን ይረደው ማን፣ ቢስሚላህ ይባልበት አይባልበት፣ በምን አውቄ? ወላሂ፣ ዱቄቱን ብቻ ነው የምወስደው።»

«ውይ፣ አንቺ ደግሞ! አሁን ይቺ ምን ሥጋ አላት?» እናቴ እየሳቀች የስፌት መኪናዋን መርገጥ ቀጠለች።

ጋሼ ወንበሩ ላይ ተኝቷል። ማለቴ፣ ተኝቷል ብለን ነበር። እኔ ብቻ አንድ ዓይኑ ስትከፈት አየሁ።

ከሪማ ያወራችው ስለ ራሷ ሃይማኖት ነበር። የሽፋኑ ነገርም እውነቷን ነው፤ ዛሬ እኔ ራሴ ፋርማሲስት ነኝ፣ አብዛኛው ካፕሱል ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ በሚወጣ ነገር እንደሚሠራ አውቃለሁ። ጋሼ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር ለቅሞ የያዘው ሁለት ቃል ነው፤ ከብት እና አጥንት። ያውም በሁዳዴ! ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

በማግስቱ ጠዋት የተለመደው ሆነ፤ ዋጠ፣ ጠጣ፣ ከፈተ፣ አነሳ። እናቴ ወደ ስፌቷ ስትዞር ጋሼ ከወንበሩ ተነሳ። በራሱ ሲነሳ አይቼው ስለማላውቅ ደንግጬ ተከተልኩት። ወደ ጓሮ ሄደ። እዚያ እናቴ ለፋሲካ ብላ አስቀድማ የገዛችው ሙክት በግ ታስሯል። ጋሼ ጣቱን ወደ አፉ ሰደደ፤ ሁለት መንጋጋዎቹ ከወለቁበት ስፍራ ካፕሱሏን መዥረጥ አደረጋት። ሱሪው ላይ ጠረጋት፣ በጎመን ቅጠል ጠቀለላትና ለበጉ አጎረሰው።

«ዋጥ» አለው። በጉ ዋጠ። «አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ። ጎበዝ!»

«ጋሼ፣ ለምንድን ነው ለሱ የምትሰጠው?» አልኩት።

«የከብት አጥንት ነው። እኔ ጾም ላይ ነኝ» አለኝ። «እሱ አይጾምም።»

«ታዲያ ለምን አትጥለውም?»

በጣም ተቀየመኝ። «መድኃኒት ይጣላል እንዴ? በላይነሽ ፀሐይ ላይ ተሰልፋ ያመጣችውን!»

እንዲህ ቀዳዳ የሌለው ክርክር ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ገብቼም አልሰማሁ። የኔ ጭንቅላት ግን በሌላ መንገድ ሄደ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን በዚያው ሰሞን፣ በድሮ ዘመን የሰውን ሸክም በግ ይሸከምለት እንደነበር አስተምሮናል። ነገሩ ወዲያው ተገለጠልኝ! ጋሼ በሽታውን በጎመን እየጠቀለለ ለበጉ እያሸከመው ነው። እናቴ ብትሰማ ታበላሸዋለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ብዬ አፌን ዘጋሁ፤ በየቀኑ ጎመኑን የማቀርበውም እኔ ሆንኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጉድ ታየ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። ጠፋ ብዬ ልጮህ ስል ከመንገዱ ጥግ «ቱኡኡት!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ የእናቴን ሜትር አንገቱ ላይ አድርጎ ከፊት ቆሟል። ከኋላው ስድስት የሰፈር ልጆች ሸሚዝ ለሸሚዝ ተያይዘዋል። አቧራውን እያቦነኑ መጡ።

«ቃሊቲ! አቃቂ! ዱከም! ደብረ ዘይት! ሞጆ! ናዝሬት! ናዝሬት የምትወርዱ ውረዱ! ብርቱካን አለ፣ ብርቱካን!»

ለካስ አያቴ ባቡሩ በደህና በሚሠራበት ዘመን በመስኮት ብርቱካን ስትሸጥ ቅርጫቱን የሚሸከምላት እሱ ነበር። ጣቢያዎቹን እስከ ድሬዳዋ ድረስ በቅደም ተከተል ያውቃቸዋል። ትኬት የሌለው ሰው አያሳፍርም፤ ትኬቱም የዛፍ ቅጠል ነው። እትዬ ከሪማ ሳታስብ በመንገዱ ስታልፍ አስቆማት።

«ትኬት!»

«ጋሽ ልዑል፣ እኔ እኮ ወደ ሱቄ ነኝ!»

«ሱቅ ፌርማታ የለም። ትኬት!»

የብስኩት ወረቀት ሰጥታው አለፈች። ከዚያ ወደኔ ዞረና፣ «ልዩ፣ ነይ፣ የመጨረሻው ፉርጎ አንቺ ነሽ» አለኝ። ልቤ ዘለለች። ስሜን እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር።

በዚያ ሁዳዴ ከአጎቴ ጋር ተዋወቅሁ። ሲስቅ ሆዱን ይዞ ነው የሚስቀው። ድመት ይፈራል። መዝሙር ሲዘምር አንድ ስንኝ ቀድሞ ነው የሚሄደው፤ የደብሩ ዲያቆን ተቆጥቶት ያውቃል። «እምቢ» ማለትም ጀመረ። እናቴ ሰማያዊ ሸሚዝ ስታወጣለት «እምቢ፣ ቢጫውን» አላት። መቀሷን እንደያዘች ወደ ከሪማ ሱቅ ሮጠች። «ልዑሌ እኮ እምቢ አለኝ!» ስትል፣ ልትከሰው ይሁን ልትመርቀው አልለየላትም።

ሁለቱ ሴቶች ተጣልተው የማያውቁትን በዚህ ሊጣሉ ደረሱ።

«ስዕለቴ ሰመረልኝ» ትላለች እናቴ። «ለማርያም ጃንጥላ ተስዬ ነበር።»

«ይሁን፤ ግን እኔም አርብ አርብ ዱዓ አድርጌለት ነው» ትላለች ከሪማ። «የኔንስ ማን ይቁጠርልኝ?»

እኔ ጎመን እየቀጠፍኩ በልቤ እስቅባቸዋለሁ።

በጉስ? መጀመሪያ እናቴ ወደደችው። የሰፈሩ በግ ሁሉ ጆሮ ሲያደነቁር የኛው ጸጥ ብሏል። «ጨዋ በግ!» ትላለች። ቆይቶ ግን ጨዋነቱ በዛ። ቆሞ ይተኛል፣ ግድግዳ ተደግፎ ይተኛል፣ ፉርሽካ እየበላ አፍንጫውን እዚያው ቀብሮ ይተኛል። እየተኛም ይሰባል። ዶሮዎቹ ጀርባው ላይ መስፈር ጀመሩ። ከሪማ አይታ «ይሄ ዓይን ገብቶበታል» ብላ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ አልደነቀኝም። በጉ የሃምሳ ስምንት ዓመት በሽታ ተሸክሞ ምን ሊያደርግ ኖሯል?

በቀዳም ስዑር ጠዋት እናቴ የታመመ በግ አርጄ ቤተሰብ አልፈጅም ብላ ቀነዓን ጠራችው። ቀነዓ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ሞተር ብስክሌቱን በር ላይ አቁሞ «አካም ቡልታን!» እያለ ገባ። ተንበረከከ፣ የበጉን ዓይን ገለጠ፣ ሆዱ ላይ ጆሮውን ለጠፈ፣ አፍንጫው ስር ጣቱን አጮኸ። በጉ አንድ ዓይኑን ከፍቶ አየውና መልሶ ዘጋት።

«እትዬ በላይነሽ፣ አተላ አጠጥታችሁታል?»

«እኔ አተላ ከየት አባቴ አመጣለሁ!»

«እንግዲህ ልቡም ደህና ነው፣ ሆዱም ደህና ነው። ይሄ በግ አልታመመም፤ ደንዝዟል። የሚያስተኛ ነገር እየበላ ነው። ፈልጋችሁ ከልክሉት፣ በሁለት ሦስት ቀን ይነቃል።»

ሰማይ ተደፋብኝ። በጉ ከነቃ ሸክሙን ይጥላል። ከጣለው ወዴት ይሄዳል? ወደ ባለቤቱ!

«አይንቃ!» ብዬ ጮህኩ። «ተዉት! እሱ ከነቃ ጋሼ ይተኛል!»

እናቴና ቀነዓ ዞረው አፈጠጡብኝ። «ልዩ፣ ምንድን ነው ያልሽው?» አለች እናቴ። እኔ ለቅሶ ቀደመኝ። የመለሰላት ጋሼ ነው። ጣቱን ወደ አፉ ሰደደ፣ የዚያን ጠዋት ካፕሱል አወጣና ቀነዓ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት።

«የከብት አጥንት ነው» አለው ረጋ ብሎ። «ሁዳዴ ነው። እሱ አይጾምም።»

ቀነዓ ካፕሱሏን አየ፣ ጋሼን አየ፣ በጉን አየ። «ዋቃዮ!» አለና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እናቴ ግን አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ከመቼ ጀምሮ? ልዑሌ፣ ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሪማ ከነገረችን ጀምሮ» አለ ጋሼ በኩራት። «አንድ ቀን አልገደፍኩም።»

«ነጩንስ? ነጩን መድኃኒትስ?»

«ነጩን ዋጥኩ። ነጩ አጥንት የለውም።»

እናቴ «ተመስገን! ተመስገን!» እያለች ግድግዳው ስር ተንሸራታ ተቀመጠች። ነጩ የሚጥለው በሽታ መድኃኒት እንደሆነ፣ እሱን ድንገት ቢያቆም ሊሞት ይችል እንደነበር ያኔ አላውቅም። ስለ በጉ የተደናገጠች ነበር የመሰለኝ። ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ከሪማም ነገሩ ሲገባት ራሷን ይዛ «እኔ ለራሴ ነው ያልኩት! ወላሂ፣ ለራሴ ነው!» ትላለች። ቀነዓ እንባውን ጠርጎ በጉ ለዚህ ፋሲካ እንደማይበላ ፈረደና ሄደ። ፋሲካን በዶሮ ዋልን።

ጾም ተፈታ። ጋሼ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው፤ ካፕሱሏን በፋሲካ ጠዋት ራሱ ጠይቆ ዋጣት። እናቴ አፉን ሁለቴ አስከፈተችው፤ የወለቁትን መንጋጋዎች ስፍራ ሳይቀር በጣቷ ዳሰሰች። እኔ እናቴን ጨካኝ ብዬ ተቀየምኳት። ጨካኝ አልነበረችም። ሆስፒታል የጻፈውን ወረቀት አንድ ልብስ ሰፊ ሴት ምን ብላ ትሽረዋለች?

ማክሰኞ በጉ ነቃ። ያለፈውን ሁሉ ጩኸት በአንዴ ሊከፍል እንደተነሳ ሁሉ ሲጮህ ዋለ። የሦስት ተማሪ ኮሌታ በላ። ሐሙስ ዕለት ደግሞ የኛ ባቡር ከቃሊቲ ተነስቶ ደህና እየመጣ ነበር። «ደብረ ዘይት! ሞጆ! ሞጆ...» ጋሼ ቆመ። ልጆቹ ከኋላ ገፉት። «ሞጆ» አለ እንደገና፣ ቀጥሎ ያለችውን፣ የራሱን ከተማ፣ አጣት። ከዚያ መንገዱ መሃል ቁጭ አለ። ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ነበር፤ አፉ ተከፍቶ፣ ዝንብ ወርሮት።

ሮጬ ጓሮ ሄድኩና በጉን በእርግጫ አልኩት። እንደዚያ ቀን የጠላሁት ፍጥረት የለም። ከዚያ ተመልሼ እናቴ ፊት ቆምኩ።

«እማዬ፣ ባቡሩ ሞጆ ላይ ቆመ።»

መኪናዋን መርገጧን አቆመች። ወደ በረንዳው ወጣች። «ልዑሌ» አለችው። «ልዑሌ፣ ቢጫውን ሸሚዝ ላምጣልህ?» አንኮራፋ። ፊቱ ላይ ያለውን ዝንብ በእጇ እያባረረች ብዙ ቆመች። ከሪማም ከሱቋ ወጥታ አጠገቧ ቆመች።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አረጀ ብዬ ነበር» አለቻት እናቴ። «ወንድሜ እርጅና መጣበት፣ ደከመው ብዬ ወንበር ገዛሁለት። ከሪማ፣ እኔ እኮ ወንበር ገዛሁለት!»

ሰኞ ጠዋት እናቴ፣ ጋሼና እኔ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነበር። እናቴ ሁሉንም ነገረችው፤ በጉ ጋ ስትደርስ አፏ ተሳሰረ፣ እኔ ቀጠልኩላት። ሐኪሙ ላለመሳቅ ከንፈሩን ነክሶ ካርዱን ወደ ኋላ ገለጠ። ገለጠ፣ ገለጠ፣ መጀመሪያው ገጽ ላይ ሲደርስ መሳቁ ቀረበት።

ያ ካርድ ዛሬም እናቴ ዘንድ አለ፤ ካደግሁ በኋላ አንብቤዋለሁ። አያቴ የሞተች ሰሞን ጋሼ በየቀኑ ጣቢያ እየሄደ፣ ያለ እሷ አልመለስም እያለ ሲያስቸግር ነው ካፕሱሏ የታዘዘችለት። ከካፕሱሏ ስም ጎን «ለሦስት ወር፤ ከዚያ ተመልሶ ይታይ» ይላል። ከዚያ በታች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየወሩ አንድ ንጹሕ ማህተም። ከዚያ መሃል ክፉ ሰው የለም። ማህተም የመታው ሁሉ ያለፈውን ማህተም አይቶ ነው የመታው። እኔም ዛሬ ቢሾፍቱ መድኃኒት ቤት ውስጥ ማህተም ይዤ ቆሜ፣ አሮጌ ካርድ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው የታዘዘበትን ቀን ነው።

«ነጩ እንዳይነካ» አለ ሐኪሙ። «ይቺኛዋን ግን ቀስ በቀስ እየቀነስን እናቆማታለን። በራሳችሁ ድንገት እንዳታቆሙ። ለበግም እንዳትሰጡ።» ከዚያ ከእናቴ ላይ ዓይኑን አነሳና ወንበሩን ወደ ጋሼ አዞረ። «ጋሽ ልዑልሰገድ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ጋሼ ሌላ ጋሽ ልዑልሰገድ ገብቶ እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላው ዞረ። ማንም የለም።

«እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ። የሚውጡት እርስዎ ነዎት እኮ።»

ጋሼ አሰበ። ዓይኖቹ እየከበዱት፣ ራሱ እያዘነበለ፣ ግን አሰበ። ሐኪሙ አላቻኮለውም።

«እኔ እንቅልፌን ጨርሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «የተረፈውን ለበላይነሽ ስጧት። እሷ እማማ ከሞተች ጀምሮ አልተኛችም።»

እናቴ ሌሊት ይወድቅብኛል ብላ ትንፋሹን ስታዳምጥ እንደምታነጋ አላውቅም ነበር። ለማንም ተናግራ አታውቅም። ጋሼ ግን ያን ሁሉ ዓመት፣ በዚያ ሁሉ እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ፣ ያውቅ ኖሯል። እናቴ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ እዚያው ሐኪሙ ፊት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሐኪሙም እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጠበቃት።